ስግደት በሌለበት ወቅት የተቀበልሁት ቀኖና

ሥራዬ ሰዓት መያዝ ነበር። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በሚሠራ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ታይም ኪፐር ነበርሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፎርማኑ መገንጠያው ጋ ከተሰበሰቡት የቀን ሠራተኞች የሚፈልገውን ያህል መርጦ ያመጣል። እኔ ስማቸውን እመዘግባለሁ፤ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ እጠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍላለሁ። ያረፈደ ሩብ ቀን ይቆረጥበታል። አምስት ደቂቃም ቢሆን ማርፈድ ማርፈድ ነው እል ስለነበር ሠራተኞቹ በሌለሁበት «ሰዓቱ» ይሉኝ ነበር። ስሰማ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር አጥፍቶ፣ «ዕዳዬን ከፍዬ ሳልጨርስ ወደ እግዚአብሔር ፊት አልቀርብም» ብሎ ከደጅ ለቀረ ሰው ነው። እኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቀርቻለሁ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ከክፍያው ደብተር ጋር የምይዘው ሌላ ትንሽ ደብተር ነበረኝ። ባለቤቴ እንኳን አታውቀውም። በቀኝ ገጽ የጾምሁትን፣ የሰገድሁትን፣ ያስቀደስሁትንና ያወጣሁትን አሥራት እጽፋለሁ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ። በግራ ገጽ የበደልሁትን እጽፋለሁ፤ ቁጣ፣ ሐሜት፣ በጾም ቀን ተሳስቼ የጠጣሁት ማኪያቶ። ጳጉሜን ሲገባ እደምራለሁ። በየዓመቱ ሂሳቡ ለእኔ ይተርፍ ነበር። ደማሪው እኔ ስለሆንሁ አይገርምም።

ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ነገር ግን «ይህን ያህል ዓመት አገልግዬ፣ ይህን ያህል ጾሜ፣ እንዴት ይህ ይደርስብኛል?» ያለ ሰው ሁሉ ደብተር አለው። የእኔ በወረቀት ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደችልን። ምጡ ስለከበደ በቀዶ ሕክምና ነበር የተወለደችው፤ የሕክምናውን ወጪ ከሦስት ሰው ተበድሬ ከፈልሁ። በዚያው ሰሞን የቤት ኪራይ ተጨመረብን። አበዳሪዎቹ ሲደውሉ ስልኬን ማንሣት ፈራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ፣ የሳምንቱን ክፍያ ስሞላ፣ ከታች በኩል አንድ ባዶ መስመር አየሁ። ስም ጻፍሁበት። የአባቱን ስም ሳይቀር ፈጠርሁለት፤ ፊርማውንም በግራ እጄ ፈረምሁለት። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ የሌለ ሰው ቢሆንም በስሙ ብዙ በልቼበታለሁ። ለ11 ሳምንት ሠራ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 300 ብር፤ በድምሩ 66 ቀን፣ 19,800 ብር። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ያ ሰውዬ ገና ከሥራ አልወጣም ነበር። ሠፈራችን አዲስ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ገና መቃኞ፣ ጊዜያዊ መቅደስ፣ ነው፤ ቆርቆሮው ከላይም ከጎንም ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። ልጄ ከውሃው ስትወጣ የጩኸቷን ድምፅ ቆርቆሮው አስተጋባው። ሜሮን ተቀባች፤ ማዕተብ ታሰረላት፤ ወዲያው ቆረበች። እኔ ከወንዶች በኩል ቆሜ ነበር። በኪሴ ለድግሱ ዳቦና ለስላሳ የምከፍልበት ብር አለ፤ ያ የሌለ ሰው ያገኘው ብር።

የዚያን ዕለት ያየሁትን በደንብ ላስረዳ። ሰዓት ያዥ ስለሆንሁ ዐይኔ ወዲያው ወደ መዝገብ ነው የሚሄደው። ልጄ ምን ነበራት? 80 ቀን ጡት ጠብታለች፤ አልቅሳለች፤ ተኝታለች። አልጾመችም፤ አልሰገደችም፤ እምነቷንም እንኳን ክርስትና እናቷ ናት ስለ እርሷ ሆና የመሰከረችላት። በእኔ ሥርዓት ብትመጣ ስሟን አልመዘግብም ነበር። ግን እዚያ የተሰጣት ነገር አዋቂ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ ከዚያ የሚበልጥ አያገኝም። ሊቃውንቱ ምሥጢራትን «በሚታይ አገልግሎት የማይታይ ጸጋ የሚሰጥባቸው» ይሏቸዋል። እኔ የሚታየውን ሁሉ አየሁ፤ ውሃውን፣ ቅባቱን፣ ክሩን፣ ጽዋውን። የማይታየው ግን ያለ ደብተር መሰጠቱ የዚያን ቀን አስደነገጠኝ። አላጽናናኝም። «ለእርሷ ይሆናል፤ ንጹሕ ናት፤ ለእኔ ግን አይሆንም» ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሌለውን ሰው ከሥራ አሰናበትሁት። እኔም ከቤተ ክርስቲያን ራሴን አሰናበትሁ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ ስለዚህ መቅረቴ ሳይታወቅ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። እሁድ ልጃችንን አዝላ ስትሄድ «ሥራ አለብኝ» እላታለሁ፤ በበዓላት ቀን ደጁን ብቻ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ሌሊት እየተነሣሁ መቶ መቶ ሰገድሁ። ከቃሊቲ እስከ ቤቴ ያገኘሁትን ነዳይ ሁሉ መጸወትሁ። ዓሣ ሳልነካ ጾምሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እዚህ ላይ ነው፤ ብሩ የአሠሪዬ የኢንጂነሩ ሆኖ ሳለ ክፍያውን አቀርብ የነበረው ለእግዚአብሔር ነው። ምክንያቱም እግዚአብሔር ከደመወዝ አይቆርጥም፤ ከሥራም አያባርርም። የማላውቀውን ዕዳ እየከፈልሁ የማውቀውን ዕዳ ደበቅሁ።

በዚያ ጊዜ ስለ ጸጋ ምንም አልሰማም ነበር ብል ውሸት ነው። ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ ነው፤ ማታ ማታ በሩ ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን። እርሱ የኤፌሶንን መልእክት ያመጣል፤ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይለኛል። እኔ ያዕቆብን አመጣለሁ፤ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው እለዋለሁ። ሁለታችንም የምናነበው እስከምንፈልገው ቁጥር ድረስ ብቻ ነበር። እርሱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 9 ላይ ያቆማል፤ ቁጥር 10 ላይ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» የሚለው አይደርስም። እኔ ደግሞ ያዕቆብን የምጠቅሰው ቁጥሩን በቃሌ እየያዝሁ፣ የሠረቅሁትን ብር ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር። በክርክሩ ብዙ ጊዜ አሸንፈዋለሁ። ማሸነፌ ምንም አልጠቀመኝም።

ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። የሄድሁት ሕዝቡ ስለሚበዛ ነው፤ በብዙ ሰው መካከል መደበቅ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ዋልሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እንደ ሥርዓቱ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ፤ ሰው ሁሉ እየተሰለፈ ጀርባውን በወይራው እየተመታ የሚሰግደውን ቁጥር ይቀበላል። አንዱ 40 ይባላል፤ ሌላው 100። ቁጥር ስሰማ ደስ አለኝ። ቁጥር የእኔ ቋንቋ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር እንዲሰጡኝ እየተመኘሁ ሰልፉን ስጠጋ፣ ወይራውን የያዙት የራሴ የንስሐ አባት ሆነው አገኘኋቸው። ቅርንጫፉን አነሡ፤ አዩኝ፤ ዝቅ አደረጉት። በቀስታ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አንተ ከትንሣኤ በኋላ ና» አሉኝ። ቁጥር ሳይሰጡኝ አለፍሁ። ከመቶ ሰው መካከል ያለ ስግደት የተመለስሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በአንድ ማክሰኞ የጠዋቱ የኪዳን ጸሎት ሲያልቅ ሄድሁ። አባ ከመቃኞው ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«19,800 ብር፣ አባ።»

«ብሩን አልጠየቅሁህም። ከቀረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር።»

«ይኸኛው ይበልጣል» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለው «ያ ሰውዬ አሁን የት ነው?» አሉኝ።

«የሌለ ሰው ነው አባ። እኔ ነኝ የፈጠርሁት።»

«አየህ፤ የሌለው ሰው ደመወዝ ሲበላ ያለው ሰው ሳይቆርብ ተራበ።»

ከዚያ ቀኖናዬን ነገሩኝ። ብሩን ለባለቤቱ እንድመልስ፣ ጠዋት ጠዋት ከዳዊት 50ኛውን መዝሙር እንድደግም፣ ከዚያ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እንድቆርብ። አለቀ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ የምጽፈው ነገር እየጠበቅሁ ነበር።

«ስግደቱስ አባ?»

«በዓለ ሃምሳ ነው፤ ስግደት የለም።»

«ጾሙስ?»

«ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ይህ ጠፋህ?»

አልጠፋኝም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት እንደማይጾምና እንደማይሰገድ ሕፃን ሆኜ ነው ያወቅሁት። ግን የመጣሁት ልከፍል ነው፤ የመጣሁበት ወቅት ደግሞ ክፍያ የማይቀበል ወቅት ሆነብኝ። «እንግዲያው ጰራቅሊጦስ እስኪያልፍ ልታገሥና የሰኔ ጾም ሲገባ ከባድ አድርገው ይስጡኝ፤ ይህ አነሰ» አልኋቸው። እውነቴን ነበር። በልቤ ደግሞ ተናድጃለሁ፤ አንድ ዓመት ከሁለት ወር የተሸከምሁትን ነገር በአንድ መዝሙር ብቻ ሲያወርዱት የናቁኝ መስሎኝ ነበር።

አባ ሳቁ። «ልጄ፣ ልትታረቅ ነው የመጣኸው ወይስ ልትደራደር? ቀኖና ዋጋ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ኮሶ ልክ አለው። ሕመሙ የጸናበት ሰው በማሰሮ ቢጠጣው ይሞታል እንጂ አይሽርም። የአንተ ሕመም የሚሽረው በስግደት ቢሆን ሌሊት ሌሊት ስትሰግድ በዳንህ ነበር።»

«እንዲህ ከሆነ ጾሙና ስግደቱ ለምን ተሠራ?» አልኋቸው።

አባ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ምሳሌያቸው ከእርሻ አይርቅም። «ገበሬ በማረሱ ዝናብ አይገዛም። ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው። ባልታረሰ መሬት ላይ ግን ያው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። አንተ አርሰሃል፤ መልካም። ከዚያ ማረሻህን ወደ ሰማይ አንሥተህ ዝናቡን እኔ ነኝ ያዘነብሁት አልህ።» ይህን ብለው ተነሡ፤ በመስቀላቸው ራሴን ነክተው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። የእንጨት መስቀል ነው፤ ጫፉ ከብዙ ሰው ግንባር የተነሣ ልስልስ ብሏል።

ቀኖናዬ ቀላል ይመስል የነበረው እስከ ቤት ድረስ ብቻ ነው። «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» የሚለውን በልጅነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አቤቱ እንደ ምሕረትህ ብዛት ማረኝ ነው። «እንደ ጾሜ ብዛት» አይልም። ዳዊት ይህን ሲጸልይ በእጁ የሰው ሚስትና የሰው ደም ነበረበት፤ የሚያቀርበው የቀኝ ገጽ አልነበረውም። በየጠዋቱ ያን እያልሁ በየማታው ደብተሬን መክፈት አልቻልሁም። ማንም ተው ሳይለኝ መጻፍ ተውሁ።

ጸጋ የሚለውን ቃልም ቆም ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የግእዙ ግስ ጸገወ ነው፤ ሰጠ፣ ቸረ ማለት ነው። በአማርኛችንም ትርጉሙ አልጠፋም፤ ወንዙን፣ መሬቱን፣ ማዕድኑን የተፈጥሮ ጸጋ እንለዋለን። ዓባይ ለድካማችን የተከፈለን ደመወዝ ነው የሚል ሰው አላየሁም። የሮሜን መልእክት 6፥23 ደግሞ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፤ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን በክርስቶስ ኢየሱስ በጌታችን የዘላለም ሕይወት ነው።» ደመወዝ ከፋይ ሆኜ ስኖር ደመወዝ የሚለው ቃል በየትኛው ወገን እንደተቀመጠ አላስተዋልሁም። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደመወዝ የሚከፍለው ኃጢአት ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሳያጓድል። በሌላው በኩል ያለው ስጦታ ነው። እኔ እግዚአብሔርን በዚያኛው ከፋይ ወንበር ላይ አስቀምጬው ኖሬያለሁ።

መጽሐፉ ስለ ዋጋም ይናገራል የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው፤ «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነው» ይላል። ይህንንም አባን ጠይቄአቸዋለሁ። «አባቱን ያገዘ ልጅ ይሸለማል፤ ልጅ የሆነው ግን በሽልማቱ አይደለም» ብለው አለፉት። ከዚህ በላይ አላብራሩልኝም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «ደመወዝህን አውቀዋለሁ እኮ» አለችኝ። በዚያ በጋ ዕዳው እንዴት እንደተከፈለ ስታሰላ ቆይታ፣ አንድ ቀን እንደምነግራት ስትጠብቅ ኖራለች። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርሷ መናገር ነበረብኝ። በእኔ ቦታ ያላችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁን መጨረሻ ላይ አታድርጉ፤ ብዙ ጊዜ የምትደብቁት ነገር የሚያውቀው ሰው አጠገባችሁ ነው።

ኢንጂነሩ ጋ ከመግባቴ በፊት ግማሹን ብር እንኳን ልሰብስብ ብዬ ሳምንት አቆየሁት። ይህም ያው የድሮው በሽታዬ ነው፤ ባዶ እጄን መቅረብ አልወድም። በመጨረሻ ባዶ እጄን ገባሁ። ነገርሁት። እርሳሱን አስቀመጠና «ሌላ ስም አለ?» አለኝ። የለም አልሁት። የሦስቱን ወር ደብተር አስመጥቶ መስመር በመስመር ሲያይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በየወሩ 2,200 ብር ለዘጠኝ ወር ከደመወዜ እንዲቆረጥ ጻፈ። የክፍያ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረኝ። ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ስጠይቀው «እኔ ቄስ አይደለሁም» አለኝ። አልፈረድሁበትም። ቄሱ የፈቱኝን እርሱ ሊፈታ አይገደድም፤ ቄሱ ስለፈቱኝም ብሩ አልተመለሰም። ሁለቱን ነገሮች የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ነው። ጸጋ ተሰጠኝ ብሎ የሰው ገንዘብ የሚያስቀር ሰው አውቃለሁ፤ ገንዘቡን ስለመለሰ ብቻ ከእግዚአብሔር ጋር የታረቀ የሚመስለውም አለ። ጳውሎስ ለመጀመሪያው ዐይነት ሰው አስቀድሞ መልሷል፤ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ይላል። ለቲቶም የጻፈለት ጸጋ ሰዎችን የሚያድን ብቻ ሳይሆን ክፉ ምኞትን እንድንክድ የሚያስተምር ነው። እኔን ያስተማረኝ በወር 2,200 ብር ነበር። ኪራይ ስንከፍል በጣም ከባድ ነበር፤ ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ መሸጥ የጀመረችው ያኔ ነው። እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

በዚያው ወር ከቤተሰቤ ጋር ቆረብሁ። በቅዳሴው ውስጥ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ፈያታዊ ዘየማንን በመስቀል ላይ ሆነህ እንዳሰብኸው በመንግሥትህ አስበን የሚል ጸሎት አለ። ስንት ዓመት ሰምቼው ሌባ መሆኑን አላሰብሁም ነበር። ያ ሰው በዕለቱ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልሠራም፤ እጆቹም እግሮቹም ተይዘዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ የአርማታ ወለሉን፣ የምንሞላበት ዕለት ነበር። የሶሌታ ሙሌት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አርማታ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ያደረው ከትኩሱ ጋር በደንብ አይያያዝም፤ መገጣጠሚያው ይደክማል፤ ውሃም ያስገባል። 5 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ ተበላሸ። መካኒክ ከአቃቂ መጥቶ እስኪሠራው 10 ሰዓት ሆነ። የደከመው ሰው ለሌሊቱ ስለማይበቃ ፎርማኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ መገንጠያው ሄዶ ስምንት ሰዎች ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ የሚቀጥራቸው አጥተው እዚያው ቆመው የዋሉ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ፎርማኑ አይመርጣቸውም ነበር።

በወንጌል የወይኑ አትክልት ጌታ በ11ኛው ሰዓት ወጥቶ ሠራተኛ ሲቀጥር እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓቱን ማስላት አያስፈልገንም፤ የእኛም 11 ሰዓት ያው ነው። ግን ያን ዕለት ስለ ወንጌል አላሰብሁም። ሲሚንቶ እያወጣሁ ነበር።

ሙሌቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አለቀ። ለአንድ ቀን የመጡት በዕለቱ ነው የሚከፈላቸው። ኢንጂነሩ አዲሱን ታይም ኪፐር «ለስምንቱም ሙሉ ቀን ስጣቸው» አለው። ከጠዋት የነበሩት አጉረመረሙ። እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉ ቀድሞ በልቡ ያጉረመረመው እኔ ነኝ። ከደመወዙ እየተቆረጠበት ያለ ሌባ፣ ግምጃ ቤት በር ላይ ቆሞ «አራት ሰዓት ነው የሠሩት፤ ሙሉ ቀን እንዴት ይሆናል» ይላል! እጄ ደብተር ፈልጎ ኪሴን ነካ።

እኒያ ጠና ያሉት ሰውዬ ተራቸው ደርሶ ብሩን ተቀበሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው በአምፖሉ ብርሃን ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። ከዚያ የተሳሳተ ሂሳብ እንደሚመልስ ሰው ወደ ታይም ኪፐሩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼ የነገም አለበት?» አሉት። ቅድሚያ የተከፈላቸው ነበር የመሰላቸው።

«የዛሬ ነው አባቴ» አላቸው።

ቆም አሉ። ብሩን በመሐረብ ቋጥረው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ምንም ሳይሉ ሄዱ።

እኔ በዚያ ሌሊት ግምጃ ቤት አደርሁ፤ የተረፈው ሲሚንቶ ዝናብ እንዳያገኘው ሸራ ማልበስ ነበረብኝ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ስከፍት ሰውዬው ናቸው፤ የራሳቸውን አካፋ በትከሻቸው ይዘዋል። ፎርማኑ ለዓርብ ማንንም አልቀጠረም ነበር። «የሶሌታው ውሃ ማጠጣት አይቀርም ብዬ ነው» አሉኝ። ሰዓቱን ልጽፍላቸው ዘወር አልሁ፤ ደብተሩ እኔ ጋ አልነበረም። የውሃውን ጎማ ሰጠኋቸው፤ ደረጃውን ይዘው ወጡ።